ሦስተኛው ፌርማታ

እህቴ ሁለቱን የአገር ቤት መመለሻ ትኬቶች አፍንጫዬ ሥር ደቅና፣ በል ጀምር ትለኛለች። አውቶቡሱ ጢም ብሎ ሞልቷል። ጊታሬ በእኔና በአንዲት ሴትዮ የገበያ ቦርሳ መካከል ተጣብቃ ትንፋሽ አጥሯታል።

ጥፋቱ የአፌ ነው። እህቴ በደወለች ቁጥር ስለ ዝናዬ ትንሽ ትንሽ ጨመርኩላት። ትራፊክ ፖሊሱ ዘፈኔን ሲሰማ መኪናውን ሁሉ አስቁሞ ይደንሳል አልኳት። እኔን ጉንፋን ስለያዘኝ አንድ ሠርግ በሁለት ሳምንት ተላልፏል አልኳት። እዚህ ከተማ ግጥሜን በቃሉ የማያውቅ ከተገኘ፣ እሱ ትናንት የገባ እንግዳ ነው አልኳት። ሁሉንም ሳትስቅ ሰማችኝና ዛሬ ጠዋት ሻንጣዋን አንጠልጥላ ከች አለች። አባታችን አርጅቷል፣ ወፍጮ ቤቱ ሰው ይፈልጋል። ይኸው ልብሴን ልትሸክፍልኝ ወደ ኪራይ ክፍሌ እየሄድን ነው።

ውሉን ያወጣችው እሷ ናት። የመጀመሪያውን ስንኝ እዚሁ እዘፍናለሁ። አንድ ሰው፣ አንድ ብቻ፣ ሁለተኛውን ከተቀበለኝ ብቻዋን ትመለሳለች። ዝም ካሉኝ ግን ዕድሜ ልኬን ከወፍጮ ጋር እዘፍናለሁ።

"እትዬ፣ ሌላ አውቶቡስ ብንይዝስ?"

"ለምን? እዚህ ያሉት ሁሉ ትናንት የገቡ ናቸው?"

ለምን እንደሆነ አልነግራትም። የዚህ አውቶቡስ ሹፌር ጠላቴ ነው። አምስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ በኋላ በር ሾልኬ እገባለሁ፣ ሁለት ስንኝ እዘፍናለሁ፣ ሦስተኛው ፌርማታ ላይ፣ ጎባጣው ምሰሶ ጋ ስንደርስ፣ "ዘፋኙ፣ ውረድ" ይለኛል። ሰዓት ይዛነፋል እንጂ እሱ አይዛነፍም። እኔም ተስፋ ቆርጬ ዘፈኑን ሁለት ስንኝ ላይ ተውኩት። ለማልደርስበት ምን አለፋኝ?

ጊታሬን ከቦርሳው አላቅቄ እጀምራለሁ።

"ከተማው ሰፊ ነው፣ ጫማዬ ጠበበኝ..."

አንድ ሰውዬ የጋዜጣውን ገጽ ይገልጣል። ባለ ቦርሳዋ ጊታሬን በክርኗ ገፋ ታደርጋታለች። ሌላ ምንም የለም። ደግሜ እሞክራለሁ። አንደኛው ፌርማታ ያልፋል። ሁለተኛውም ያልፋል። እህቴ አትስቅብኝም፣ የከፋውም እሱ ነው። የእኔን ትኬት ለይታ ቀስ ብላ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ትከትልኛለች።

ይሄኔ ከወደ ፊት፣ ማርሽ ሲገባ የሚመስል ሻካራ ድምፅ ይወጣል።

"አንቺ ካለሽበት፣ ማን በምን ያድርሰኝ..."

ሹፌሩ ነው። ዓይኖቹ በመስታወቱ ውስጥ እኔ ላይ ተተክለዋል። ይህችን ነገር ቤት ውስጥ ሲያንጎራጉር ሚስቱ መላ ቅጡ ጠፍቷት፣ ሐኪም ቤት እንሂድ እስከ ማለት እንደደረሰች ይናገራል። ከዚያ ቆጣ ብሎ ይጠይቀኛል።

"ለመሆኑ የዘፈኑ ሰውዬ ደረሰ ወይስ አልደረሰም?"

"ጋሼ፣ ሳይደርስ እያወረዱት እኮ ነው።"

ጋዜጣው ዝቅ ይላል። ባለ ቦርሳዋ ቦርሳዋን ወደ ጉልበቷ ሰብስባ ለጊታሬ ቦታ ትለቃለች። እህቴ እጇን ወደ ኪሴ ሰድዳ ትኬቱን መልሳ ታወጣለች። አፏን በእጇ ትሸፍናለች፤ ትከሻዋ ግን በሳቅ ይንቀጠቀጣል።

ሦስተኛው ፌርማታ ላይ እንቆማለን። የኋላው በር ይከፈታል። አውቶቡሱ ሁሉ ዞሮ እኔን ያያል፣ እኔ መስታወቱን አያለሁ።

በሩ ይዘጋል።

ሦስተኛ ስንኝ የለኝም። ያንን ጥፋተኛ አፌን እከፍታለሁ፤ ያ ጎባጣ የፌርማታ ምሰሶም በመስኮቱ በኩል ወደ ኋላ ይሸሻል። ከዚህ አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ሲሸሽ ሳየው ይህ የመጀመሪያዬ ነው።