ለሽማግሌዎች የተነጠፈ ሣር

ሰው በሣር ያፍራል? አብዱልዋሂድ አፈረ። ሞጣ ላይ ጨርቅ እየነገደ ሲኖር የግቢው ጭቃ አንድም ቀን አሳስቦት አያውቅም። ሐጂ አብዱልሐኪም ልጁን ኢናስን ለልጃቸው ሊጠይቁ ከቢቸና እንደሚመጡ ሲሰማ ግን እንቅልፍ አጣ። ኢናስ የሐጂን ግቢ በስልኳ አሳይታዋለች፤ ከዳር እስከ ዳር ለምለም ሣር ነው።

«እኛም እናስነጥፍ» አላት ሚስቱን ሳብሪያን።

«ሣር በገንዘብ? ማን ሊግጠው?»

ቢሆንም ቁጭ ብለው አሰሉ። የሣሩ ዋጋ በካሬ ሜትር፣ ጥቁር አፈሩ፣ የጭነት መኪናው፣ የአንጣፊው የእጅ ዋጋ። ከባሕር ዳር ቢያስመጡ የሱቁን ዕቃ ግማሽ ሊበላ ነው። ጓሮውን ትተው የፊቱን ብቻ ለማልበስ አሰሉ፤ ገንዘቡ አልበቃም። አብዱልዋሂድ ጣሪያ ማሳደሱን ለከርሞ አስተላለፈ፤ አሁንም አልበቃም።

አትክልተኛው ምንይሉ ይህን ሰምቶ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «በግማሽ ዋጋ አለኝ፣ ጋሼ። ከሰው ግቢ የተነሣ ነው። ከየት ነው ብለው ብቻ አይጠይቁኝ» አለው።

አልጠየቀም። መጠየቅ እንደነበረበት አሳምሮ ያውቃል፤ ሒሳቡ ሞላለትና ዝም አለ።

ሣሩ በተነጠፈ በሳምንቱ ሐጂ ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለው ደረሱ። የመጡት በሕዝብ ሚኒባስ ነው፤ መኪናዬ ጋራዥ ገብታ ነው አሉ። በሩን እንዳለፉ ቀጥ ብለው ቆሙ። ጎንበስ ብለው ሣሩን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ከዚያ ላለመርገጥ ዳር ዳሩን ዞረው ገቡ።

«ያማረ ሣር ነው። ቆየ?»

«ኧረ የድሮ ነው፣ ሐጂ። ኢናስ የዳኸችበት ነው እኮ።»

ሳብሪያ ቀና ብላ ባሏን አየችው። ሐጂ ለጥሎሽ ያመጡትን የአንገት ወርቅ አውጥተው አስቀመጡ፣ ልጅቷን ጠየቁ፣ ተፈቀደላቸው። ምሳው ግን አልተበላላቸውም፤ ዓይናቸው በመስኮቱ እያለፈ ሣሩ ላይ ነበር።

እንግዶቹ እንደሄዱ አብዱልዋሂድ ምንይሉን አስጠርቶ አፋጠጠው።

«ከቢቸና ነው» አለ ምንይሉ አንገቱን ደፍቶ። «ከዚህ በላይ አልናገርም፣ ጋሼ። ምዬአለሁ።»

አብዱልዋሂድ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። የተሰረቀ ሣር ላይ ባለቤቱን አቁሞ፣ ልጄ የዳኸችበት ነው ብሎ ዋሸ! አሁን ሐጂ ከሌባ ጋር አልዛመድም ቢሉ ማን ይፈርድባቸዋል? ኢናስስ ምን ትባላለች? ያን ቀን ልጁን ቀና ብሎ ማየት አቃተው።

በማግስቱ በጠዋት ቢቸና ሄደ። መንገዱን ሙሉ የሚለውን ሲያጠና ነው የደረሰው። የሐጂ በር ገርበብ ብሏል። ግቢው ባዶ አፈር ነው፤ አንዲት ዘለላ ሣር አልቀረም። ሐጂ ብቻቸውን በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል።

ያጠናው ሁሉ ጠፋበት።

«ይቅር ይበሉኝ፣ ሐጂ» አለ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ብሎ። «የተሰረቀ መሆኑን አላወቅሁም። ዋሽቻለሁ፣ ተዋርጃለሁ። ሣርዎን በራሴ ወጪ እመልሳለሁ፤ ሌባውንም አስይዛለሁ። በእኔ ጥፋት ግን ልጄን አይቅጧት።»

ሐጂ ከመቀመጫቸው አልተነሡም። ቀና ብለውም አላዩትም።

«ሌባ የለም» አሉ። «ለወርቁ መግዣ ቢያንሰኝ የሸጥኩት እኔው ነኝ።»