የሽርጡ ጠርዝ

«ግለጪው እንጂ!» አሉ መምህር ፕራሰርት ለሁለተኛ ጊዜ። «ተማሪዎቹ የጅማቱን መንገድ ካላዩት በምን ይማራሉ?» ማሊዋን ግን የአሮጊቷን ሽርጥ ጠርዝ ጉልበታቸው ላይ እንደያዘች ቀረች። አሮጊቷ ከቺያንግ ማይ አትክልት ገበያ፣ በእሽት ትምህርት ቤቱ ተማሪዎች ሰውን በነጻ ያሻሉ ሲባል ሰምተው የመጡ ናቸው። ምንጣፉ ላይ ተንጋለው፣ የከበቧቸውን አሥራ ሁለት ተማሪዎች ላለማየት ዓይናቸውን ጣሪያው ላይ ተክለዋል። ማሊዋን ጎንበስ ብላ «እማማ፣ ልግለጠው?» አለቻቸው። «እኔ ምን አፍ አለኝ ልጄ? በነጻ ነው የመጣሁት።»

ማሊዋን ሽርጡን ወደ ታች ስባ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ሸፈነችው። «አልገልጥም፣ መምህር።»

«ዛሬ ፈተናሽ መሆኑን ረሳሽው? ምስክር ወረቀቱን የሚፈርመው ማን ሆነና!»

«እርስዎ ነዎታ። በጨርቅ ላይ እሹ ብለው ያስተማሩንም እርስዎ ነዎት።»

ከኋላ አንዷ ተማሪ ሳቋ አመለጣትና አፏን ያዘች። ማሊዋን መዳፎቿን ገጥማ ወደ ግንባሯ አነሳች፤ የሰው ገላ ከመንካቷ በፊት ይቅርታ መጠየቋ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ጨፍና፣ በአውራ ጣቷ ጨርቁን እየተጫነች ከቁርጭምጭሚት ወደ ላይ ጀመረች። «እዚህ ጋ ደንድኗል። እዚህ ጋ ደግሞ ተቋጥሯል፤ ብዙ ቆመው ነው የሚውሉት።» አሮጊቷ እፎይ ብለው ተነፈሱ። መምህሩ ደብተራቸውን ዘጉ። «ወድቀሻል።»

የማሊዋን እጅ ግን አላቆመም። መምህሩ ወደ በሩ ሲያመሩ፣ አሮጊቷ ከምንጣፉ ላይ ቀና አሉ።

«መምህር፣ ሲወጡ በሩን ይዝጉልኝ። ልጄ ሌላኛውን እግሬን ገና አልነካችውም።»