የፈጠነች ግራ ጫማ

ለሶዶ ከተማና ለአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ የረጅም ርቀት ሯጯ የወ/ሪት ፈጠነች ግራ እግር ከቀኟ በግማሽ ቁጥር እንደሚበልጥ፣ ከገበያው ጀርባ ባለችው የጋሽ ሽኩር ጫማ ቤት፣ በካርቶንና በእርሳስ ተለክቶ በይፋ ተረጋግጧል። ቅሬታ ያለው የራሱን እግር ይዞ ይምጣ።

«ግማሽ ቁጥር ደግሞ ምን ቁም ነገር አላት?» አለ አቶ ወንደሰን፣ የሩጫ ክለቧ ቡድን መሪ። የለቀቀ ሶሉን ሊያሰፋ መጥቶ አንድ ጫማውን አስረክቧል፤ የሚከራከረው ካልሲ ብቻ ያጠለቀ እግሩን ጋዜጣ ላይ አሳርፎ ነው። «ክለቡ ለሁሉም እኩል ጫማ አድሏል። አርባ ቁጥር።»

«አርባ የማን እግር ነው?» አሉ ጋሽ ሽኩር።

«የማንም አይደለም። አማካይ ነው።»

ጋሽ ሽኩር ሳቅ ሲያመልጣቸው በከንፈራቸው የያዙትን ምስማር ሊውጡት ትንሽ ቀራቸው።

የፈጠነች ጫማ ተሠርቶ አልቋል። ነጭ ሸራ፣ ቀጭን ሶል፣ ግራው በግራ ልክ፣ ቀኙ በቀኝ ልክ። ፈጠነች አጥልቃው በሩ ጋ ዘለል ዘለል አለች። እግሯ ከኪራይ ቤት ወጥቶ የራሱ ቤት የገባ ያህል ተሰማት።

«ስሚው እስቲ» አሉ ጋሽ ሽኩር። «ምን ይሰማል? ምንም! ድመት አድርጌሻለሁ።»

«እሱን ነበር የምነግርዎት» አለች አንገቷን ደፍታ። «ግራው ድምፅ እንዲኖረው ፈልጌ ነው።»

«ምን እንዲኖረው?»

«ሲያርፍ ጠፍ እንዲል። ግራው ብቻ።»

«ልጄ፣ አባቴ ከስልጤ መጥቶ ይህችን ቤት ከከፈተ ጀምሮ፣ ጫማዬ ይጮሃል የሚል እንጂ አይጮህልኝም የሚል ሰው ገብቶ አያውቅም።»

«ጫማው ይቅርና አንገቷን ይስፉላት!» አለ አቶ ወንደሰን። «ይቺ ልጅ እየመራች ወደ ኋላ ትዞራለች፣ ጋሽ ሽኩር። አዋሳ ላይ የመጨረሻው ዙር ሲደወል ዞር አለች፤ ሁለቱ በጎኗ ላፍ ብለው አለፏት። ግምገማ ላይ የተገተርኩት ግን እኔ ነኝ፤ የአትሌቷ አንገት የማንን አቅጣጫ ተከትሎ ነው የሚዞረው ተብዬ።» ወደ እሷ ዞረ። «እሁድ ማጣሪያ ነው። አንዴ ብትዞሪ፣ ከክለቡ ወጥተሽ ሁምቦ ከእናትሽ ጋር በቆሎ ትኮተኩቻለሽ። ነግሬሻለሁ። ለመሆኑ ከኋላሽ ማን አለ?»

«ማንም።»

እውነቷን ነው። ችግሩም እሱው ነው።

ድሮ አሳየሽ ነበረች። የቦዲቲዋ አሳየሽ፤ ጠዋት ጠዋት በአረካ መንገድ ከኋላዋ የምትሮጥ፣ ግራ እግሯን እንደ ቂጣ ጠፍ እያደረገች የምታሳርፍ። አሠልጣኙ ተቆጥቶ ተቆጥቶ ሊያርቅላት አልቻለም። ያ ድምፅ ከኋላዋ እያለ ፈጠነች አንድም ቀን ዞራ አታውቅም፤ ምን አስዞራት? አሳየሽ ቤይሩት ከሄደች ወዲህ ግን መንገዱ ጭር አለ። የሚሰማት የገዛ ትንፋሿ ብቻ ነው፤ ዝምታው ሲረዝምባት አንገቷ ሳታዘው ይዞራል። ጫማው ጠፍ ካለላት፣ ከኋላዋ ሰው እንዳለ ቆጥራ ፊት ለፊቷን ታያለች። ይህን ደግሞ አንድ እግሩ በካልሲ ለቀረ ሰው እንዴት ብላ ታስረዳለች?

«እስቲ ይሞክሩልኝ፣ ጋሼ» ብላ ጫማዎቹን አውልቃ ሰጠቻቸው።

ጋሽ ሽኩር በረጅሙ ተነፈሱ። ከአሮጌ የመኪና ጎማ ላይ ምላስ የምታህል ቁራጭ አወጡ፤ ግማሿን በማስቲሽ ከግራው ሶል ሥር ለጥፈው ግማሿን ልቅ ተዉት። ከዚያ እጆቻቸውን ጫማዎቹ ውስጥ ከተው በጣውላው ላይ ያስኬዷቸው ጀመር። ፈጠነች በተሻለ እንድትሰማ ጀርባዋን ሰጥታ ወደ በሩ ቆመች።

ጠቅ።

«አይደለም። ይሄ ፈረስ ነው።»

ጎማዋን በቢላዋ አሳሷት። ጨቅ።

«ይሄ ደግሞ ጭቃ ነው።»

«ለምን ሬዲዮ አይገጥሙላትም?» አለ አቶ ወንደሰን።

 ነገሩ አሁን ጋሽ ሽኩርንም ይዟቸዋል። ጫፏን በሰያፍ ከርከም አደረጓት፤ እጆቻቸውን መልሰው ከተቱ።

ኮሽ። ጠፍ። ኮሽ። ጠፍ።

የባጃጁ ጡሩንባ ራቀ፤ የገበያው ሁካታ ራቀ። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው የጠዋት ጉም ፊቷን ነካት። ፈጠነች አሳየሽን ልታይ በግራ ትከሻዋ በኩል ዞረች፤ ፊቷ ከአንገቷ ቀድሞ ስቆ ነበር።

ከኋላዋ፣ እጆቻቸውን ጫማ ያለበሱ አንድ ሽማግሌ በጣውላ ላይ አጎንብሰዋል። ከጎናቸው አንድ ካልሲ።

«ዞረች!» አለ አቶ ወንደሰን ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ኧረ ይቺስ ቆማም ትዞራለች!»

ጋሽ ሽኩር ግን ፊታቸው በርቷል። «አገኘሁት፣ አይደል? ልክ ነው?»

«ልክ ነው» አለች። ሳቁ ፊቷ ላይ እንደቆመ ነው፤ የት እንደምታደርገው አላወቀችም።

«በይ እንግዲህ፣ ለእሁድ እንዳይለቅ ልስፋው።» ወስፌያቸውን አነሱ።

ፈጠነች ቀረብ ብላ ግራውን ጫማ ከእጃቸው ወሰደች። የጎማዋን ምላስ በአውራ ጣቷ ሳብ አድርጋ ለቀቀቻት፤ ጠፍ አለች። ድምፁ የአሳየሽ ነው፤ አሳየሽ ግን የለችም። ጫማውን መልሳ ጣውላው ላይ አስቀመጠችው።

«ይንቀሏት፣ ጋሼ።»

«ምኗን?»

«ጎማዋን። እንደ ቅድሙ ዝም ይበል።»

«አሁን ልክ ነው አላልሽኝም?»

«ልክ ነው።»

«ታዲያ ለምን?»

አቶ ወንደሰንም ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

«እንዲሁ» አለች።