አስራ ሰባት ቁጥር

ሀዋታ ከተማ ዳር ባለው በረታችን እያንዳንዷ ፍየል ጆሮዋ ላይ ቢጫ ቁጥር አላት። አንዷ በበሽታ ከሞተች ቁጥሯን ለእንስሳት ሐኪሙ ማስረከብ ግዴታ ነው። ያን ጊዜ ግን በረቱ ይዘጋል፤ የቀሩትም ገበያ አይወጡም። ስለዚህ አስራ ሰባት ቁጥር አፏ ቆስሎ የሞተች ዕለት፣ ባሌ ክንፈ ከነቁጥሯ ከበረቱ ጀርባ ቀበራትና ድንጋይ ከመረባት።

«ከጠየቁሽ ጠፋች በያቸው» አለኝ። እሺ አልኩ፤ ምን ልበል?

ግልገሏ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ሲጮህ ሰነበተ። በጡጦ ብሰጠው እንኳ አፉን አልከፍት አለ።

በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ሐኪሙ መዝገባቸውን ይዘው መጡ። መዝገቡን ለክንፈ ሰጡትና ፍየሎቹ መሀል ገብተው ጆሮ እያዩ ቁጥር ይጠሩ ጀመር፤ እሱ በር ላይ ቆሞ ምልክት ያደርጋል። በመጨረሻ መዝገቡ ላይ ምልክት የሌላት አስራ ሰባት ብቻ ቀረች።

«ዶክተር፣ እሷ እንኳ...» ብዬ ጀመርኩ።

«አስራ ሰባት» አሉ፣ ከበረቱ ጥግ።

ክንፈ ዞር ብሎ የድንጋዩን ክምር አየ። እንዳለ ነው። ግልገሉ ዝም ማለቱን ያን ጊዜ ነው ልብ ያልኩት።

«ተማም፣ ጥሩ ነው! ሁሉም አሉ» አሉ ሐኪሙ፣ ጎንበስ ብለው የሆነ ነገር በአውራ ጣታቸው እየጠረጉ። «ይቺን ግን እጠቢያት እንጂ፣ እህቴ። ጆሮዋን አፈር ሞልቶታል። የሚጠባት ግልገል እንኳ አፉ አፈር ብቻ ሆኗል።»