የጠመኔው ሮዝ

ማዩሪ የቡሬቱን መክፈቻ በግራ እጇ ይዛለች፤ በቀኟ ብልቃጡን ታሽከረክራለች። አያያዟ እንከን የለውም። ክፍል ውስጥ ያስተማርኳት እኔ ነኝ፤ በባዶ እጅ፣ አየር ይዘን።

ከቡሬቱ፣ ከረጅሙ የመስታወት ቱቦ፣ ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ፈሳሽ ጠብ ጠብ ይላል። ብልቃጡ ውስጥ ሲገባ ቀለሙ ወዲያው ይጠፋል። ከዚያ አንዲት ጠብታ ትወርድና ፈሳሹ ስስ ሮዝ እንደሆነ ይቀራል፣ ለዓይን እንኳ እስኪያጠራጥር። እዚህ ላይ መቆም ነበረባት። አታቆምም። ለማስጠንቀቅ ልሳል አስባለሁ።

ባፓት ማዳም ከጎኗ ቆመው ያያሉ። ማዩሪ ልትገባበት ያመለከተችበት ኮሌጅ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ናቸው፤ እኔ ከትምህርት ቤቷ አብሬያት መጥቻለሁ። የማዩሪ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤት ጠረጴዛቸው ላይ ተዘርግቷል፤ ኬሚስትሪ በጽሑፍ ከሰባ ሠላሳ አንድ፣ በተግባር ከሠላሳ ሠላሳ። ሳይንስ ለመግባት የሚጠየቀውን ከመቶ ሃምሳ ያሟላችው በዚያች ሠላሳ ነው። ሠላሳዋን የሰጠሁት እኔ ነኝ። ለሁሉም ነው የምሰጠው። ኮሌጁ እንዲህ ያለ ውጤት ስለሰለቸው፣ ሁለቱ ነጥቦች የተራራቁበትን ተማሪ ቤተ ሙከራ አስገብቶ ማየት ጀምሯል።

ጠብ። ጠብ። ሮዙ ይደምቃል፣ ይደምቃል። ማዩሪ መክፈቻውን ትዘጋና ብልቃጡን ወደ መስኮቱ ከፍ ታደርገዋለች።

«ደረሰ ማዳም» ትላለች። ደስ ብሏታል። ወደኔ ዞር ብላ ፈገግ ትላለች።

«ይሄ ነው ደረሰ የሚባለው?» ይላሉ ማዳም። «ይሄማ ሆሊ ሲከበር ሰው ላይ የሚደፉት ቀለም ነው። እንዲህ መድመቅ አለበት ያለሽ ማነው?»

ማዩሪ ታየኛለች። እኔም አወቅሁት። ሰሌዳ ላይ ብልቃጥ ስዬ በሮዝ ጠመኔ እቀባው ነበር። ፈዘዝ ካደረግሁት ከኋላ ወንበር አይታይም፤ ስለዚህ ጠመኔውን ውኃ ውስጥ እነክርና ጫን ብዬ እቀባለሁ። ይቺ ልጅ የኔን ጠመኔ ቀለም እስክታይ ነው በትዕግሥት ስትጠብቅ የቆየችው።

«ማንም አላለኝም» ትላለች። ፈገግታው ጠፍቷል፤ ወደኔ ትጠቁማለች። «ናይታም ሰር ብዙ ጊዜ አሳይተውናል። እኔ ነኝ ልብ ያላልኩት።»

«ብዙ ጊዜ? ቤተ ሙከራ፣ ላብ አላችሁ ማለት ነዋ?»

«አለን ማዳም። ትልቅ ነው።»

ያለን አንድ ቁም ሣጥን ነው። ቁልፉ ርዕሰ መምህሩ ጋ ነው፤ ውስጡ ከምርጫ የተረፉ ፖስተሮችና የርሳቸው ጃንጥላ አለ።

«ላብ እያለሽ ነው እንዲህ የምትሠሪው? ስንፍና እኮ ነው ይሄ።» ማዳም ወደኔ ይዞራሉ፤ ድምፃቸው ይለሰልሳል። «አይዞዎት ሰር። ልፋትዎን መና አስቀረችብዎት።»

በስምምነት ራሴን እነቀንቃለሁ። አዎ፣ ነቀነቅሁ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ።

በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። ቤተ ሙከራ ከሌለው ትምህርት ቤት ለሚመጡ ሁለት ቦታ አለ፤ ትምህርት ቤቱ በጽሑፍ ካረጋገጠ የሦስት ወር ማካካሻ ወስደው ይገባሉ ይላል። ጠዋት አንብቤዋለሁ። ማዩሪ እንዳታነበው ማስታወቂያውን በጀርባዬ ከልዬ ነው የቆምኩት። ያንን ብጽፍ፣ ታዲያ ሠላሳውን ከየት አመጣኸው መባሌ አይቀርም። ከሥራ መባረርም አለ። ሁለት ልጆች አሉኝ።

ማዳም ቀይ እስክሪብቶ ያነሳሉ። ማዩሪ ማንም ሳያዛት ብልቃጡን ቧንቧው ሥር ይዛ ታጥባለች። ታጥባለች፣ ታለቀልቃለች፣ እንደገና ታጥባለች። ጀርባዋን ሰጥታናለች።

«ላብ የለንም» እላለሁ።

«ምን አሉ?»

«ላብ የለንም። ኖሮንም አያውቅም። ይህን ዕቃ ገና ዛሬ ነው በእጇ የነካችው። ነጥቡን ዝም ብዬ ነው የሰጠኋት።»

ይቆጡኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ባዶ ወረቀት ወደኔ ይገፋሉ። «ይጻፉታ። ስም፣ ፊርማ። ስንት ዓመት እንደዚህ እንደሰጡም ይጻፉ።»

አሥራ አንድ ዓመት ብዬ እጽፋለሁ። በየዓመቱ ወደ ስልሳ ልጅ ይሆናሉ። ማባዛቱን እጀምርና እተወዋለሁ።

ማዩሪ እጇን በነጠላዋ እያደረቀች መጥታ ከትከሻዬ በላይ ታነባለች። ታመሰግነኛለች፣ ወይም ታለቅሳለች ብዬ ፈርቻለሁ። ሁለቱንም አላደረገችም።

«ሰር» ትላለች ቀስ ብላ፣ «ራንጃናም ጠመኔውን ጠብቃ ነዋ የወደቀችው።»

ራንጃና ከክፍሌ አንደኛ የምትወጣው ናት። ባለፈው ሐሙስ ከአጎቷ ጋር እዚሁ መጥታ ተመልሳለች። ስትመለስ ጠይቄያት፣ «ጥፋቱ የኔ ነው ሰር» ነበር ያለችኝ። እኔም በርቺ ብዬ አልፌያት ሄድኩ።

«ደደብ ነኝ ብላ መጽሐፎቿን በሙሉ ለእህቴ ሰጠቻት» ትላለች ማዩሪ።

«ማዳም፣» እላለሁ፣ «ለራንጃናም ልጻፍ፣ ሌላ ወረቀት ይሰጡኛል?»

መዝገቡን ገልጠው በጣታቸው ይወርዳሉ። «አንደኛው ቦታ ሰኞ ዕለት ተይዟል። የቀረው ይሄ ነው» ይላሉ፣ የማዩሪን ስም እየጻፉ። «ምዝገባውም በዚሁ አበቃ።»

ወረቀቱን ግን ይሰጡኛል። «ልጄ ራንጃና» ብዬ እጀምራለሁ። የሚቀጥለው ቃል አልመጣልኝም። ማዩሪ ወስዳ ልትሰጣት፣ እጇን ዘርግታ አጠገቤ ቆማለች።