ከሽምግልናው በፊት

ለልጁ ሚስት ሊጠይቅ ወደ ጎረቤት ከተማ የመጣው ሰውዬ፣ ቀጠሮው እስኪደርስ ብሎ የከተማዋ የሕዝብ ጎልፍ ሜዳ ገባ። ገና በመጀመሪያው ምት ደሙ ፈላ።

«ይሄ ሜዳ ነው ወይስ የአህያ መንከባለያ?» አለው አብሮት የሚጫወተውን የከተማዋን ሰው። «የኛን ብታዩት! ሣሩ ምንጣፍ ነው። ጉድጓዱን ዋርካ ጀርባ የደበቀውስ ማነው? ጤና የለውም!»

የከተማዋ ሰው ኳሱን መምታቱን ቀጠለ። እርጋታው እንግዳውን ይብስ አናደደው።

«ሜዳችሁ እናንተኑ ነው የሚመስለው!» ብሎ ዱላውን ወርውሮ ወጣ።

ከሰዓት በኋላ ከሽማግሌዎቹ ጋር ልጅቷ ቤት ገብቶ፣ እንደ ወጉ «ተቀመጡ» እስኪባሉ ቆመ። አባትየው ከጓዳ ብቅ አለ፤ የጎልፍ ጫማውን ገና አላወለቀም።

«አባቶቼ፣ ተቀመጡ» አለ ሽማግሌዎቹን። ከዚያ ወደ እሱ ዞረ።

«እርስዎ ግን ይቅርብዎት። ቤታችንም እኛኑ ነው የሚመስለው።»