ሳይለመኑ የማይበሉ አባት

በአዲሱ ደንብ፣ በአረጋውያን ጆሮ ላይ የተሰካው ማዳመጫ የተደገመላቸውን ንግግር ሁሉ ይቆጥራል። በቀን ሦስት ከሞላ «አእምሯቸው ደክሟል» ብሎ ያስታውቃል፤ በማግስቱ መኪና መጥቶ ወደ መጦሪያ ይወስዳቸዋል። ስለዚህ ትርንጎ አባቷን አቶ ይመኑን አንዴ ካናገረች አትደግምም።

ዛሬ ደግሞ ጎረቤት ሰላምታዋን ስታዥጎደጉድ ከሦስቱ ሁለቱን ጨርሳባቸዋለች።

ምሳ ቀረበ።

«አባባ፣ ይብሉ።»

«ተመስገን፣ ጠግቤአለሁ» አሉ። ጨዋ ሰው ሳይለመን አይበላ ነገር! ደንቡ ከወጣ ወዲህ ግን ሦስት ወር ሙሉ የለመናቸው የለም።

የትርንጎ ዓይን ቀበቷቸው ላይ አረፈ። በሚስማር የተበሳ አዲስ ቀዳዳ አለው።

ጉርሻ ጠቀለለች።

«በሞቴ፣ አባባ! ይብሉ!»

ማዳመጫው ቀይ በራ። አቶ ይመኑ ጎረሱ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ልጄ፣ ቤቱ ጭር ሲልብኝ እኮ የደነቆርኩ መስሎኝ ነበር።»